ሳሉ የት ገባ?

ሚጡ ማሳል ያቆመችው ሰኞ ዕለት ነው። እናቷ መጀመሪያ ደስ አላት።

እናትየው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ፣ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች። ባሏ ከሰው ጋር ሲያስተዋውቃት «ሚስቴ ተኳሽ ናት፤ አስቀይማችኋት እንዳትሄዱ» እያለ ስለሚቀልድ፣ ተኳሿ የሚለው ስም በሰፈርም በሥራ ቦታም ተለጥፎባት ቀርቷል። እሷም አልጠላችውም። ሚጡ ሁለት ዓመት ያልደፈነች የበኩር ልጇ ናት። ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ ከምታወራው ግማሹ ለራሷ ብቻ ነው የሚገባት። ለአፍታ ዞር ካሉላት ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት፣ በአፍንጫ ነው። ጠረጉላት፣ ወረደ፤ ጠረጉላት፣ ወረደ። ቧንቧ ሠራተኛው አባቷ «ይቺን ቧንቧስ እኔም አልጠግናት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ደረቅ፣ ከትንሽ ደረት የማይጠበቅ፣ ግድግዳ የሚያንኳኳ ሳል። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ብርድ መቷት ነው» አለች። አንዷ «ጥርስ ልታወጣ ነው፤ የኔም እንዲህ አድርጎት ነበር» አለች። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ደግሞ «የሚያስል ልጅ ሳንባው ይጠነክራል፣ አትንኪያት» ብላ አረፈችው።

ተኳሿ ከሁሉም ብርዱን አመነች። ብርድ ደግሞ መድኃኒቱ ልብስ ነው። ካናቴራ አለበሰቻት፣ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ። መስኮቱን ዘጋች። ገላዋን ማጠብ ተወች፤ ልብስ ስትቀይርላት እንኳ አንዱን አውልቃ ሌላውን እስክታለብስ ንፋስ እንዳይነካት በፎጣ ጋርዳ፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ደረቷን በቫዝሊን ስታሽ እጇን ከሹራቡ ሥር አስገብታ እንጂ ገልጣ አልነበረም። በእሷ ሐሳብ ሳል ማለት በሽታው ራሱ ነው። ሳል ካለ በሽታ አለ፤ ሳል ከጠፋ በሽታው ጠፋ።

እንግዲህ ሰኞ ማታ ልጇን ልትወስድ እትዬ ጸጥታ ቤት ስትሄድ፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዛሬስ እንዴት ዋለ ሳሉ?» የሚል ነበር።

«አንድም ጊዜ አላሳለችም» አሉ እትዬ ጸጥታ።

«ተመስገን!»

«እንጃ» አሉ እትዬ ጸጥታ። ሌላ ነገር ሊሉ ያሰቡ ይመስል ከንፈራቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት።

እትዬ ጸጥታ የዚያ ሰፈር ሞግዚት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «ጸጥታ!» ማለት ከአፋቸው አልጠፋ ብሏል። ሕፃናቱ ሲጮሁ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሕፃናቱም ጣታቸውን ቀስረው መልሰው ይጮሁባቸዋል። አራት ልጅ ይይዛሉ። ከአራቱ አንዱ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ትንፋሹ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሌላ ልጅ ሳል ተጋብቶበት ሆስፒታል ገብቶ ለትንሽ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጸጥታ አንድ ሕግ አላቸው፤ የሚያስል ልጅ ከደጃቸው አያልፍም። ባለፈው ሐሙስና ዓርብ ሚጡንም በር ላይ መልሰዋታል። ሐሙስ እናት ከሥራ ቀረች፤ ዓርብ አባት።

ማክሰኞ ሚጡ አሁንም አላሳለችም። ግን ደግሞ አላወራችም። እናቷ ስታነሳት ጭንቅላቷ ትከሻዋ ላይ ድፍት አለ። ወደ ቤት ሲሄዱ ድመት አለፈች፤ ሚጡ ዞራ አላየችም። ተኳሿ ጎንበስ ብላ ልትስማት ስትል አንድ ሽታ አፍንጫዋን ነካው። ጣፋጭ ነገር፤ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፣ እንደ ርካሽ ከረሜላ።

ረቡዕ ማታ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ከረሜላ ነገር ሰጥተዋት ነበር እንዴ?»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዋ?» እትዬ ጸጥታ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሩዙንም ወተቱንም አልነካችም። ተኝታ ነው የዋለችው። ትናንትም ተኝታ ነው የዋለችው።» ከዚያ ተኳሿን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። አስተያየታቸው ደስ አይልም ነበር፤ የገባው ሰው ሌባ የመሰለው ባለሱቅ እንደሚያየው ዓይነት።

«ምነው እንዲህ ያዩኛል?» ልትል ፈልጋ ምላሷን ነከሰች። ዓይኗ ግን እትዬ ጸጥታን አልፎ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ሕፃን ቀርቶ አዋቂም ያለ ወንበር የማይደርስበት ቦታ፣ ቁልፍ የተንጠለጠለበት የቆርቆሮ ሣጥን አለ። እስከ ዛሬ እንዴት አላየችውም?

«እትዬ፣ ያ ሣጥን ምንድን ነው?»

«የራሴ ነገር ነው» አሉ እትዬ ጸጥታ በአጭሩ። በዚያው በሩን ከፈቱላት።

በማግስቱ ጠዋት ይህን ሁሉ ለወሬዋ ብዛት ሬዲዮ ለሚሏት የሥራ ጓደኛዋ ነገረቻት። ሬዲዮ ከእሷ ጋር አንሶላ የምታጥፍ፣ አራት ልጅ ያሳደገች፣ አፏ እጇን የማያስፈታ ሴት ናት። የአንሶላውን ሁለት ጫፍ እሷ፣ ሁለት ጫፍ ተኳሿ ይዘው፣ ተቀራርበው ሲያጥፉ ጆሮዋ ላይ እንዲህ አለቻት።

«አንቺ የዋህ። ማስተኛ ነዋ!»

«ምን ማስተኛ?»

«ሽሮፕ! ልጅ የሚያስተኛ ሽሮፕ። የእህቴን ልጅ ትይዝ የነበረችው ሴትዮ ምን ስታደርግ ተያዘች መሰለሽ? ጠዋት አንድ ማንኪያ ታቀምሳቸዋለች፤ እነሱ ለጥ፣ እሷ ፊልሟ ላይ ፍጥጥ። አራት ሕፃን ታቅፋ አንዲት አሮጊት እንዴት ነው ቤቷ እንዲህ ጭጭ የሚለው? ስሟስ ራሱ ጸጥታ አይደል?»

ተኳሿ አንሶላውን ለቀቀችው። የቀረውን ጠዋት ብረቱ በእጇ ይሂድ እንጂ እሷ እዚያ አልነበረችም። ያለፉትን ቀናት አንድ በአንድ እያነሳች ታገላብጣለች። ሴትዮዋ የከፈቱትን አፍ ለምን ዘጉት? ለምን እንደዚያ አዩኝ? ሣጥኑ ለምን ይቆለፋል? አንድ የጠረጴዛ ልብስ አቃጠለች፤ በሥራ ዘመኗ ያቃጠለችው የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር፣ ልታስበው የማትፈልገው። ረቡዕ ማታ፣ ራት ላይ፣ ጥርጣሬዋን ለባሏ ጫፉን ነክታለት ነበር። «ሴትዮዋ የሆነ ነገር እየሰጠቻት ነው መሰለኝ» ብላው ነበር። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ኧረ በፈጣሪ! ሰው አትጠርጥሪ።»

«ልጅቷ እኮ አትነቃም።»

«ሳሉ ቆሞላት የለ? በሽታ ሲለቅ ሰውነት ይደክማል። እንኳን ሕፃን እኔም እተኛለሁ።» ይህን ብሎ ተነሳና የወጥ ቤቱን ቧንቧ ይፈታ ጀመር። ቧንቧው ምንም አልሆነም፤ ራሱ የጠገነው ገና በቀደም ነው። ተኳሿ የባሏን ጀርባ አየች። ቸር ሰው ነው፣ ሰው ሲታማ አይወድም ብላ አለፈችው።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወደ አለቃዋ ሄዳ ጥርሴን አመመኝ አለች። ጉንጯን እንኳ ሳትይዝ ነው የዋሸችው። ሬዲዮ ከኋላ «ትላንትም ስታለቅስ ነበር» ብላ አሟሟቀችላት። ተኳሿ ሽርጧን አውልቃ ወጣች፤ አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ እያለ ቆማ ሄደች።

የእትዬ ጸጥታ ቤት ምድር ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ መተላለፊያው ይከፈታል። ተኳሿ በሩን አላንኳኳችም። ጫማዋን ሳታሰማ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፣ በመጋረጃው ክፍተት አጮለቀች። ሦስቱ ልጆች ምንጣፍ ላይ ኩባያ እየደረደሩ ነበር። ሚጡ ጥግ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተንጋላለች። እትዬ ጸጥታ አጠገቧ ተንበርክከው በግራ እጃቸው ጭንቅላቷን ቀና አድርገው ይዘዋል። በቀኛቸው ማንኪያ አለ። ማንኪያው ወደ ልጇ አፍ ሲሄድ አየች።

በሩ እንዴት እንደተከፈተ አታውቅም።

«ይዤሻለሁ!» አለች። እትዬ ማለቱም፣ እርስዎ ማለቱም ጠፋት። «ምንድን ነው የምታጠጫት? ምንድን ነው?»

ልጆቹ ኩባያቸውን ይዘው ፈዘው ቀሩ። እትዬ ጸጥታ ማንኪያውን አልጣሉም። ቀስ ብለው ወደ እሷ ዘረጉት።

«ቅመሺው።»

ተኳሿ ማንኪያውን ነጥቃ ቀመሰች። ውሃ ነው። ለብ ያለ ውሃ።

«ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልወረደላትም» አሉ እትዬ ጸጥታ። «ከንፈሯ ሲደርቅ በማንኪያ ላርስላት ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። አንቺስ ምን እየሰጠሻት ነው የምትልኪልኝ?»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ልጅቷ እዚህ መጥታ አይደለም የምትተኛው። ተኝታ ነው የምትመጣው! ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ትናንትም፣ ዛሬም፣ አባቷ ትከሻ ላይ እንደ ጆንያ ተዘርግታ። አፏ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። የሚያስል ልጅ አልቀበልም ስላልኩ ሳሉን አፍናችሁ ትልኩልኛላችሁ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስበሳጭ ነው የከረምኩት። ልነግርሽ እያልኩ፣ እናት ናት፣ ደፍሬ ምን እላታለሁ እያልኩ።»

«ሣጥኑስ?» አለች ተኳሿ፤ የያዘችው የመጨረሻ ነገር እሱ ነበር።

እትዬ ጸጥታ ወንበር ላይ ወጥተው ሣጥኑን አወረዱና ከፍተው ፊቷ ላይ አስቀመጡት። መቀስ፣ መርፌ፣ ክብሪት፣ የራሳቸው የደም ግፊት ክኒን። «አራት ሕፃን ያለበት ቤት ይሄ የት ይቀመጥ?»

መልሷን ሳይጠብቁ ወደ ሚጡ ዞሩ። «ይልቅ ነይ ወዲህ። ትንፋሿን ስሚው።»

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ሚጡ ከአፍንጫዋ ቀዳዳ ጋር የምትታገል ትመስል ነበር፤ በተነፈሰች ቁጥር አፍንጫዋ ይነፋል። ከጉሮሮዋ ትንሽ የማቃሰት ድምፅ ይወጣል፣ በጣም ቶሎ ቶሎ። እትዬ ጸጥታ ሹራቡን ሊገልጡ እጃቸውን ሲሰዱ ተኳሿ ከልማድ «ብርድ!» ብላ እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። ራሷ ገለጠችው። አንዱን ሹራብ፣ ሁለተኛውን፣ ካናቴራውን።

ልጇን ራቁቷን ካየች ሳምንት አልፏት ነበር። ከጎድን አጥንቶቿ በታች ያለው ቦታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በክር የሚስበው ይመስል ነበር። የጎድን አጥንቶቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

«ይሄ ነገር መቼ ጀመረ?» አሉ እትዬ ጸጥታ በሹክሹክታ።

ተኳሿ አላወቀችም። ሦስት ድርብ ልብስ ሥር፣ ማን ሊያየው?

እትዬ ጸጥታ ሦስቱን ልጆች ለጎረቤት አስረክበው አብረዋት ሄዱ። በታክሲው ውስጥ ሚጡ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ስትከድን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ሚጡ! ሚጡዬ!» ብለው ጮኹ።

በሆስፒታሉ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ ልጅቷን ባየች ጊዜ ተራ ጠብቁ አላለችም። በአንድ እጇ ተቀብላ በሌላው አንዲት ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ መቆንጠጫ ጣቷ ላይ አደረገችላት፣ ቁጥሩን አየች፣ ቀጭን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ሥር አስገባች። ሐኪሙ መጣ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ ደረቷን አየ።

«የሳንባ ምች ነው» አለ።

«ምች?» አለች ተኳሿ። «ፀሐይ እኮ አልነካትም ዶክተር! ከቤትም ሳልሸፍን አላወጣኋትም።»

«ስሙ ነው እንጂ ያ አንቺ የምታውቂው ምች አይደለም፣ እናት። ሳንባዋ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል። ከፀሐይም ከቅጠልም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።» ወደ ነርሷ ዞሮ ስለሚሰጣት መርፌ አነጋገራት። ከዚያ እንደገና ልጅቷን አየ፤ የዓይኗን ሽፋን ገልጦ በመብራት ተመለከተ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ግን ይሄ እንቅልፍ… ምን ወስዳለች?»

«ምንም።»

ነርሷ ተጠጋቻት። «እህቴ፣ እዚህ ማንንም አንቆጣም። ሽሮፕም ይሁን፣ ቅጠልም ይሁን፣ የትልቅ ሰው መድኃኒትም ይሁን ማወቅ አለብን። ካላወቅን ልንጎዳት እንችላለን።»

«እኔ አልሰጠኋትም» አለች ተኳሿ፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ሥር ወደ ቆሙት እትዬ ጸጥታ ሄደ። አሁንም፣ ውሃውን ቀምሳም፣ ሣጥኑን አይታም፣ ዓይኗ ሄደ። እትዬ ጸጥታም አዩዋት። አልተቆጡም። «ጠዋት ጠዋት የሚያመጣት ማን ነው?» አሉ ብቻ።

ይህን ጥያቄ ተኳሿ ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። እሷ ሚጡ ሳትነቃ ነው ከቤት የምትወጣው። ልጅቷን የሚቀሰቅስ፣ የሚያለብስ፣ ወተት የሚያጠጣ፣ እትዬ ጸጥታ ደጅ የሚያደርስ እሱ ነው። ያ ምንም ያልሆነ ቧንቧ ትዝ አላት። ስልኳን አወጣች።

ባሏ ደውለውለት በሥራ ልብሱ፣ ጉልበቱ ድረስ ሲሚንቶ እንደለበሰ፣ እየሮጠ ደረሰ። ልጁን ከነቱቦዋ ሲያይ የአልጋውን ብረት ያዘ። ተኳሿ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ምን ነበር የምትሰጣት?»

«ምን?»

«ነርሷ ማወቅ አለባት። ምን ነበር የምትሰጣት?»

መጀመሪያ ወደ ነርሷ አየ፣ ቀጥሎ ወደ እትዬ ጸጥታ፣ መጨረሻ ወደ መሬት። ከዚያ የመፍቻ ቦርሳውን ከፈተ፤ ከመፍቻዎቹ መሐል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣ። ባለፈው ክረምት እሱ ራሱ ሳል ሲይዘው የተገዛ፣ የትልቅ ሰው የሳል ሽሮፕ። ክዳኑ ሲነካ ያ ብርቱካናማ ሽታ ክፍሉ ውስጥ ወጣ።

«ግማሽ ማንኪያ ብቻ ነው» አለ። «ለኔ ሁለት ማንኪያ ነበር የታዘዘልኝ፤ ለሷ ግማሽ ምን ያደርጋታል ብዬ… ዓርብ ስቀር ፎርማኑ ሌላ ሰው አስገብቶ ቆየኝ። ሰኞም ብቀር ቦታዬ አለቀ። እሳቸው ደግሞ ካሳለች አይቀበሉም። ሳሉ ጸጥ ሲልላት እኔም የዳነች መስሎኝ ነበር። እውነት መስሎኝ ነበር።»

ነርሷ ጠርሙሱን ተቀብላ ጽሑፉን አነበበች፤ ለሐኪሙ አሳየችው። ሐኪሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«በሽታውን ያመጣው ይሄ አይደለም» አለ። «በሽታው በራሱ መጥቷል። ሳል ግን ደረት ራሱን የሚጠርግበት መንገድ ነው። ይሄ ሳሉን አፈነው፣ አስተኛት፣ እንዳትበላ እንዳትጠጣ አደረጋት። ከዚህ በላይ ደግሞ ለሕፃን ትንፋሽን ራሱን ሊያደክም ይችላል። በሽታው ውስጥ ውስጡን ሲሠራ እናንተ ጸጥታውን አያችሁ።»

ጸጥታ የሚለው ቃል ሲነሳ እትዬ ጸጥታ ቀና አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር።

ሚጡ አልጋ ላይ በቆየችባቸው ቀናት ተኳሿ ማንንም አታምንም ነበር። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» እያለች እያንዳንዱን ጠርሙስ ታስነብባታለች። የኦክስጅኑን ቁጥር የሚያሳየው መሣሪያ ሲጮህ ሳይሆን ዝም ሲል ነበር የምትደነግጠው። ባሏ ምግብ ሲያመጣ ክዳኑን ከፍታ ታሸትተዋለች። ሽሮፑን ስንት ጊዜ እንደሰጣት ጠየቀችው፤ «ጠዋት ጠዋት ብቻ» አላት። «ማታስ?» አለችው። «ማታ አንቺ አለሽ» አላት። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ግን ከውሸት የባሰ አመማት።

«እኔ ብኖር ኖሮ ደፍረህ አትሰጣትም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ልክ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።»

እሱ የተከፈተውን የምግብ ዕቃ መልሶ ይከድን ጀመር።

አልጋ ጎን ለጎን የተኙ እናቶች ይህን ሁሉ እየሰሙ እንዳልሰሙ ይሆኑ ነበር። አንዷ ልጇን ለአምስተኛ ጊዜ ይዛ የገባች፣ ነገረኛ ግን ደግ ሴት፣ ባልየው ሲወጣ «ባልሽ ጅል ነው እንጂ ክፉ አይደለም። የኔው ለልጁ ቢራ ያቀምስ ነበር» አለቻት። ተኳሿ ሳይታሰብ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ሴትየዋም በይ በቃሽ ሳትላት አጠገቧ ተቀመጠች።

ያን ቀን ነርሷ ሚጡን ልታዳምጥ መጥታ እናቲቱን አስጠጋቻት። «ነይ፣ አንቺም እዪ» ብላ የልጅቷን ልብስ እስከ አንገቷ ሰበሰበችው። «ሳሉን ብቻ አትስሚ። ደረቷን እዪ። ከጎድኗ ሥር የሚሰረጉድ ነገር አለ? ትንፋሿ ይቸኩላል? አልበላም አልጠጣም ትላለች? አልነቃ ትላለች? ከነዚህ አንዱን ካየሽ ሰው አታማክሪ፤ ይዘሻት ነይ። ብርዱን ተይው፤ ልብሱን ገልጠሽ ብታያት አትሞትም።»

ተኳሿ አየች። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ አሁን አይሰረጉድም። ለብዙ ጊዜ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ነርሷ ሄዳም እያየች ነበር።

«ሰኞ ዕለት» አለች ተኳሿ ማታ ላይ እትዬ ጸጥታ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ «አላሳለችም ሲሉኝ ተመስገን አልኩ። እናቷ ነኝ፤ ዝም ማለቷ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።»

«እኔስ?» አሉ እትዬ ጸጥታ። «እኔ ደንግጬ ነበር። ደንግጬ ዝም አልኩ። አንቺን ስጠረጥር ልጅቷን ማየት ረሳሁ።» ያመጡትን ሾርባ አስቀመጡ። ተኳሿ ክዳኑን ከፍታ ልታሸት ስትል እጇን ሰበሰበች። እትዬ ጸጥታ አይተዋታል። «አሽትቺው ግድ የለም» አሉ። አሸተተችው።

ሚጡ ዳነች። ከሆስፒታል የወጣችው ከስታ፣ ግን ነርሷን ፀጉሯን ጎትታ አስጮሃ ነው። አባቷ ያን ሥራ አጣ፤ ፎርማኑ እንዳለው አደረገ። ለተወሰነ ጊዜ በየሰፈሩ የተዘጋ ቧንቧ ሲከፍት ቆይቶ ሌላ ሕንፃ ላይ ተቀጠረ። እትዬ ጸጥታ ሕጋቸውን አልሰረዙም፤ ያ የሳሳ ልጅ አሁንም አለ። አንድ ነገር ግን ጨመሩበት። ጠዋት ልጅ ሲረከቡ፣ ማታ ሲያስረክቡ፣ ወላጁ ፊት ልብሱን ገልጠው ደረቱን ያያሉ። አንዳንዱ አባት ይሰለቻል፤ አንዳንዷ እናት «ልጄን እንደ ሌባ ፈተሹት» ትላለች። እሳቸው ግን ጣታቸውን ይቀስራሉ፣ ያው ቃላቸውን ይላሉ፣ ይገልጣሉ።

ባልና ሚስቱ ግን ቶሎ አልተስተካከሉም። ተኳሿ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ የምታዳምጥበት ጊዜ ነበር። መደርደሪያውን፣ የመፍቻ ቦርሳውን፣ የኮቱን ኪስ ትፈትሻለች። አንድ ቀን እሱ ራሱ ኪሱን ገልብጦ «ይኸው» አላት፤ እሷም አላፈረችም፣ አየችው።

ክረምቱ ሲገባ ሚጡ እንደገና አስነጠሰች። በማግስቱ ጠዋት ሳለች። ተኳሿ ለሥራ ለብሳ በሩ ላይ ነበረች፤ እጇን እጀታው ላይ እንዳደረገች ቆመች። ባሏ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የልጅቷን ካናቴራ ሰብስቦ ደረቷን እያየ ነው። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ልጄን አሟታል። ዛሬ አልመጣም» አለ። ከወዲያኛው ጫፍ ረጅም ወቀሳ መጣ። «ገባኝ። የፈለጉትን ያድርጉ። አልመጣም» አለና ዘጋ።

«ስልኩን እስቲ» አለች ተኳሿ።

ሰጣት። እውነት ደውሏል፤ የአዲሱ ፎርማን ቁጥር ነው። መለሰችለት።

«ደረቷስ?»

«ነይ እዪው።»

ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ላይ አዩ። ሚጡ በሁለቱ መሐል ሆና ሳለች፣ ተቆጣች፣ የአባቷን ጆሮ ያዘች። ደረቷ ደህና ነበር።

«ከባሰባት ደውልልኝ» አለች ተኳሿ። «በሷ ፊት ደውልልኝ፣ ድምፅዋን እንድሰማ።»

«እሺ።»

«ምንም እንዳትሰጣት።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

አላመነችውም፤ ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። እሱም ይህን ያውቅ ነበር፣ አልተከራከራትም። አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፤ ሳሉ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማት ነበር።